በኢሚግራንት ቪዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበሪ የአየር መንገዱን የተጓዥ መረጃ እንዴት ትሞያለሽ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ባለቤቴ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የሚኖረው፤ ግሪን ካርድ አለው። እሱ አመልክቶልን የእኔና የ6 ዓመቷ ልጃችን ቪዛ ወጥቶልናል። ትኬት ቆርጠናል፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ከዚያ ዴንቨር። አሁን አየር መንገዱ የተጓዥ መረጃ ሙዪ ብሎ ኢሜይል ላከልኝ። ‹የመኖሪያ አገር› የሚለው ላይ ኢትዮጵያ ልበል አሜሪካ? የሰነድ ዓይነት ላይ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ፐርማነንት ሬዚደንት ካርድ ይላል፤ እኔ የቱ ነኝ? ባለቤቴ የቪዛውን ቅጽ ከሞላን በኋላ ቤት ቀይሯል፤ የቱን አድራሻ ልጻፍ? ‹ሪድሬስ ነምበር› እና ‹ኖውን ትራቨለር ነምበር› የሚባሉትስ ምንድን ናቸው? የመመለሻ ትኬትም የለንም። ተሳስቼ ቪዛዬን እንዳላበላሽ ፈርቼ እስካሁን አልነካሁትም።»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከሁሉ በፊት ፍርሃትሽን ላቅልልሽ። ይህ ቅጽ የቪዛ ማመልከቻ አይደለም። ቪዛውን የሰጠሽ ኤምባሲው ነው፤ ያ ጉዳይ አልቋል። አየር መንገዱ መረጃሽን ሰብስቦ ለአሜሪካ መንግሥት ያስተላልፋል እንጂ በቪዛሽ ላይ የመወሰን ሥልጣን የለውም። አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ብትስቺ ቦሌ ካውንተሩ ላይ ይስተካከላል። በዚህ ቅጽ ላይ ቁጥር ስለሳተ ቪዛው የሚሰረዝበት ሰው የለም። ስለዚህ ተረጋግተሽ ሙዪው።

መረጃው ወዴት እንደሚሄድ ብታውቂ ደግሞ አሞላሉ ራሱ ይቀልልሻል። ወደ ሁለት ቦታ ነው የሚሄደው። አንደኛው የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ነው። ወደ አሜሪካ የሚበር አየር መንገድ ሁሉ የተሳፋሪዎቹን ስም ዝርዝርና የፓስፖርት መረጃ ለዚህ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መላክ አለበት። ነገሩ ድሮ በፈቃደኝነት ነበር፤ ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ግዴታ ሆነ። ሁለተኛው የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር ነው። እሱ ሙሉ ስምሽን፣ የልደት ቀንሽንና ጾታሽን ወስዶ ከተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር ጋር ያስተያያል። አየር መንገዶች ይህንን ከበረራው 72 ሰዓት በፊት መላክ ስለሚጀምሩ ነው ኢሜይሉ ቀደም ብሎ የሚመጣልሽ።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልግባ። ለአብዛኞቹ መልሱ ከአንድ ነገር ይወጣል፦ ቅጹ ላይ ዛሬ የሆንሽውን ነው የምትጽፊው። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የምትሆኚው ዋሽንግተን ደርሰሽ የድንበር መኮንኑ ሲያስገባሽ ነው። አውሮፕላን ላይ እስክትወጪ፣ ከወጣሽም በኋላ እስክትወርጂ ድረስ የኢሚግራንት ቪዛ የያዝሽ ኢትዮጵያዊት ነሽ።

እንግዲህ የመኖሪያ አገር ኢትዮጵያ ነው። ዜግነትም ኢትዮጵያ፣ ፓስፖርቱን የሰጠው አገርም ኢትዮጵያ። ብዙ ሰው «ከዚህ በኋላ የምኖረው አሜሪካ አይደል?» ብሎ አሜሪካን ይመርጣል። ወንጀል አይደለም፤ ግን ራስን ማስቸገር ነው። ምክንያቱም የአሜሪካ ዜጋና ቋሚ ነዋሪ የሚያርፍበትን አድራሻ እንዲሞላ አይገደድም። አንዳንዱ የአየር መንገድ ሲስተም «የመኖሪያ አገር፦ አሜሪካ» ሲባል የአድራሻውን ቦታ ይዘጋዋል ወይም በእጅሽ የሌለ የግሪን ካርድ ቁጥር ይጠይቅሻል። ከዚያ ወዲያ መሄጃ ታጪያለሽ።

ይህንን የሚያነቡ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ እየኖራችሁ ቪዛችሁ እዚያው ያለቀላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ የመኖሪያ አገራችሁ አሁን በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) የምትኖሩበት አገር ነው። ዜግነትና ፓስፖርት ሰጪ አገር ግን ያው ኢትዮጵያ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንድ ዓይነት መልስ እንዲኖራቸው አይጠበቅም።

የሰነድ ዓይነት የሚለው ላይ ዋናው ሰነድሽ ፓስፖርት ነው። «ሌላ ሰነድ» ወይም «ተጨማሪ ሰነድ» የሚል ቦታ ካለ ቪዛን ምረጪ። ፐርማነንት ሬዚደንት ካርድ የሚለውን አትንኪው። ያ ግሪን ካርዱን በእጁ ለያዘ ሰው ነው፤ ያንቺ ገና አልታተመም።

ቪዛን ስትመርጪ የቪዛ ቁጥር ይጠይቅሻል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው፤ አንዷ የቪዛ ስቲከር ላይ የተለያየ ዓይነት ቁጥር አለ። አየር መንገዱ የሚፈልገው ከስቲከሩ በታች በስተቀኝ በቀይ የታተመውን ነው። ብዙውን ጊዜ 8 አሃዝ ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ፊደል ጀምሮ 7 ቁጥር ይከተለዋል። በ«ኤ» ፊደል የሚጀምረው የምዝገባ ቁጥር አይደለም። የኬዝ ቁጥርሽም አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋሉ፤ እመለስበታለሁ። የተሰጠበት ቦታ ሲልሽ አዲስ አበባ ትያለሽ፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ስቲከሩ ላይ አለ። የሚያበቃበትን ቀን እግረ መንገድሽን ደህና አድርገሽ እይው። የኢሚግራንት ቪዛ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር አያልፍም፣ የሕክምና ምርመራው ከተደረገበት ቀን ጋር ስለሚያያዝ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። እስከዚያ ቀን አሜሪካ መድረስ አለባችሁ። በረራችሁ ከቀኑ በጣም የተጠጋ ከሆነ አስቀድሙት፤ አንድ በረራ ቢሰረዝ ጣጣው ብዙ ነው።

ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው። የፓስፖርትሽን የፎቶ ገጽ ክፈቺ። ከግርጌው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቁጥርና የቀስት ጫፍ በሚመስል ምልክት የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ 44 ቦታ አለው። ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። የላይኛው በ«ፒ» ይጀምራል፤ ቀጥሎ ኢትዮጵያን የሚወክሉ ሦስት ፊደላት አሉ፤ «ኢ፣ ቲ፣ ኤች»። ከእነሱ ቀጥሎ የምታገኚው ስም በዓለም አቀፍ አሠራር የቤተሰብ ስምሽ ነው። ከዚያ ሁለት ቀስቶች ተከታትለው ይመጣሉ። ከሁለቱ ቀስቶች በኋላ ያለው የመጠሪያ ስምሽ ነው። በእኛ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚገባው የአያት ስም ነው፤ የራስሽና የአባትሽ ስም አንድ ላይ በመጠሪያ ስም ቦታ ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ሰላማዊት ታደሰ ከበደ የምትባል ተጓዥ ላስት ኔም ላይ ከበደ፣ ፈርስት ኔም ላይ ሰላማዊት ታደሰ ብላ ትጽፋለች ማለት ነው። ትኬቱ ሲወጣ «ከበደ» ካለ በኋላ «ሰላማዊትታደሰ» ብሎ ሁለቱን አጣብቆ፣ መጨረሻው ላይ «ሚስ» ወይም «ሚሲስ» የሚለውን ቀጥሎ ብታይው አትደንግጪ። የትኬት ሲስተሞች ክፍት ቦታ ስለማይወዱ ነው። ስህተቱ ሌላ ነው። ትኬቱን የቆረጠልሽ ሰው በአገራችን ልማድ «ሰላማዊት ታደሰ» ብሎ የአባትሽን ስም ላስት ኔም ካደረገው፣ የአያትሽም ስም ጭራሽ ከሌለ፣ ያ መስተካከል አለበት። ይህንን ቦሌ ሄጄ አስተካክላለሁ አትበዪ፤ ዛሬውኑ ትኬት ወደ ቆረጥሽበት ቢሮ ወይም ወደ አየር መንገዱ ደውዪ። ፓስፖርት ቁጥር በካውንተር በሰከንድ ይቀየራል፤ ትኬት ላይ ያለ ስም ግን ትኬቱን እንደገና ማውጣት ሊጠይቅ ይችላል፤ ሌሊት በሰልፍ መሃል የሚሠራ ሥራ አይደለም።

አጻጻፉም እንደ ፓስፖርቱ ይሁን። ፀሐይን በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለትና በሦስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲ የሰጠሽ ወረቀት ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይጠቅምም። ፓስፖርቱና ቪዛው ራሳቸው እርስ በርስ የማይገጥሙ ከሆነ ግን እሱ የአየር መንገድ ጉዳይ አይደለም፤ ከመብረርሽ በፊት ለኤምባሲው ጻፊ።

የልጅሽ ነገር ደግሞ አለ። የእሷ ፓስፖርት ላይ የሚኖረው የራሷ፣ የባለቤትሽና የባለቤትሽ አባት ስም ነው። አንቺና እሷ የምትጋሩት አንድም ስም የለም ማለት ነው። እኛ ለምደነዋል፤ ለሌላ አገር ሰራተኛ ግን የሌላ ሰው ልጅ ይዘሽ የምትሄጂ ሊመስለው ይችላል። የእሷን ስም ከአንቺ ጋር ለማመሳሰል ብለሽ ቅጹ ላይ ምንም እንዳትቀይሪ። በእንግሊዝኛም የተጻፈበት የልደት የምስክር ወረቀቷን የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፤ ሲጠይቁሽ አሳዪ፤ ያበቃል። ቅጹ ለእያንዳንዱ ተጓዥ ለየብቻ ነው የሚሞላው፤ የእሷንም ቪዛ ቁጥር ከራሷ ስቲከር ላይ ቅጂ። ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ቢሆን እሷን ከሰው ጋር አስቀድመሽ አትላኪ። ዋናዋ አመልካች አንቺ ስለሆንሽ ልጅቷ ወይ ካንቺ ጋር ነው ወይ ካንቺ በኋላ ነው መግባት የምትችለው።

የልደት ቀን ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የልጅሽን ልደት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቃል ስለምታውቂው እጅሽ ሳታስቢው ያንን ይጽፋል። ያኔ የ6 ዓመቷ ልጅ ሲስተሙ ላይ የ13 ወይም የ14 ዓመት ሆና ትታያለች፤ የልጅ ትኬት ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላለ ነው። ቅጹ እምቢ ይልሻል፤ ለምን እምቢ እንዳለም በግልጽ አይነግርሽም። ሁለተኛው የአሜሪካ ቅጾች ወርን ከቀን የማስቀደም ልማዳቸው ነው። ቦታው ላይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀንን ነው ወርን የሚለውን አይተሽ፣ ከፓስፖርቱ እየቀዳሽ ሙዪ።

የፓስፖርት ቁጥሩን ግን ከግርጌው መስመር አትቅጂ። እዚያ ላይ ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ማሽኑ ለማረጋገጫ የሚጠቀምበት አንድ ትርፍ አሃዝ አለ፤ እሱን ጨምረው የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከገጹ ላይኛው ጥግ ያለውን ውሰጂ። ፊደል «ኦ» እና ዜሮን አለመደባለቅሽንም አረጋግጪ።

ትኬቱ ላይ ካለው ስም በቀር እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ብትሳሳቺም ካውንተር ላይ ያለችው ሰራተኛ ፓስፖርትሽን ማሽኑ ላይ ስታሳርፈው ስም፣ ቁጥር፣ ዜግነት፣ የልደት ቀን፣ ጾታና የሚያበቃበት ቀን ከሁለቱ መስመሮች በራሱ ይገባል፤ ስህተትሽም ይተካል። ማሽኑ በምንም መንገድ ሊያውቀው የማይችለው ነገር አድራሻ ነው። ፓስፖርትሽ ላይ የለም፤ ቪዛሽ ላይ የለም። እሱን አንቺ ካልነገርሻት ማንም አይነግራትም። ካውንተር ላይ ሰልፉን ሲያቆሙ የማያቸው አብዛኞቹ ተጓዦች የሚቆሙት በዚህ ነው። ስልካቸው ዋይፋይ ፈልጎ፣ አሜሪካ ያለው ዘመድ ተኝቶ፣ «አድራሻ ላክልኝ» እያሉ ሲደውሉ፣ ከኋላቸው ያለው ሰው ሻንጣውን እየገፋ ሲያጉረመርም። ስለዚህ ጉልበትሽን እዚህ ላይ አውዪው።

የቱን አድራሻ? የባለቤትሽን አሁን የሚኖርበትን፣ ከዴንቨር ኤርፖርት ወጥታችሁ የምትገቡበትን ቤት። ቅጹ የሚጠይቅሽ አሜሪካ ስትደርሺ የት እንደምታርፊ ነው። የቪዛ ማመልከቻው ላይ የነበረው አድራሻ ሌላ ቢሆን ምንም አያጋጭሽም። ያንን ስትሞሉ እዚያ ነበር የሚኖረው፤ ሰው ቤት ይቀይራል። ዋሽንግተን የመግቢያ ከተማችሁ ብትሆንም እዚያ የምታልፉ እንጂ የምታርፉ ስላልሆናችሁ የኤርፖርቱን ስም አድራሻ አድርገሽ አትጻፊ።

የአሜሪካ አድራሻ አጻጻፍ ከእኛ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። እኛ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ከዚያ የቤት ቁጥር እንላለን። እነሱ ከቤት ቁጥሩ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ የመንገዱ ስም፣ ቀጥሎ አፓርታማ ከሆነ የአፓርታማው ቁጥር። ከዚያ ከተማ፣ ግዛት፣ መጨረሻ ላይ 5 አሃዝ ያለው ዚፕ ኮድ። ባለቤትሽ በቴሌግራም ሲልክልሽ «ኮልፋክስ አካባቢ ነው፣ አውሮራ» ካለሽ ያ አድራሻ አይደለም። ደብዳቤ የሚመጣበትን፣ ከመብራት ቢሉ ወይም ከቤት ኪራይ ውሉ ላይ ያለውን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። የመንገዱ ስም ፊት «ምሥራቅ» ወይም «ደቡብ» የሚል ቅጥያ ካለ እሱንም አትተዪው፤ አውሮራ ውስጥ አንድ መንገድ ረጅም ነው፣ አንድ ፊደል ሌላ ሰፈር ይወስዳል። ግዛቷን ከዝርዝር ካልመረጥሽ በሁለት ፊደል ነው የምትጻፈው፤ ኮሎራዶ «ሲ፣ ኦ» ናት። አፓርታማው ቁጥር ፊት ብዙ ሰው የሚያደርገውን የቁጥር ምልክት፣ ነጠላ ሰረዝም ቢሆን፣ ብዙ ሲስተም ስለማይቀበል «ኤፒቲ» ብለሽ ቁጥሩን ጻፊ።

ስልክ ቁጥር ሲጠይቅሽ የባለቤትሽን የአሜሪካ ቁጥር በ1 ጀምረሽ አስገቢ። ኢሜይል ግን የራስሽ ይሁን። ትኬት ቢሮዎች ብዙ ጊዜ ሥራ ለማፋጠን የራሳቸውን ስልክና ኢሜይል ይሞላሉ። ያኔ በረራው ሰዓት ሲቀየር መልእክቱ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው። የትኬትሽን የቦታ መያዣ ቁጥር ይዘሽ በአየር መንገዱ አፕ ወይም ድረ ገጽ ላይ ራስሽ ግቢና የተሞላውን እይ። ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ከመጫን ይኸኛው ይሻላል፤ በአየር መንገድ ስም የሚላክ የማጭበርበሪያ ኢሜይልም አለ።

ሪድሬስ ነምበርና ኖውን ትራቨለር ነምበርን ባዶ ተያቸው። የመጀመሪያው ስሙ ከሌላ ተጠርጣሪ ሰው ጋር እየተመሳሰለ በየኤርፖርቱ ሲቆም ኖሮ አቤት ብሎ የተሰጠው ሰው የሚሞላው ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ ተመርምሮ ፈጣን የፍተሻ መስመር የተፈቀደለት ሰው ቁጥር ነው። ሁለቱም የሉሽም፤ ግዴታም አይደሉም። እዚህ ባዶ ቦታ ሲያዩ በ«ኤ» የሚጀምረውን የምዝገባ ቁጥራቸውን የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። አትሞክሪው፤ ቦታው አይደለም።

የመመለሻ ትኬት አያስፈልጋችሁም። እሱ ለጉብኝት ለሚሄድ ሰው የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ እናንተ ልትኖሩ ነው የምትሄዱት። ቪዛ ሳያስፈልጋቸው ለሚገቡ አገሮች ዜጎች የሚሞላው የኦንላይን ፈቃድም እናንተን አይመለከትም። ካውንተር ላይ «መመለሻ የት አለ?» ብትባዪ ፓስፖርቱን ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ ክፈቺና «ኢሚግራንት ቪዛ ነው» በዪ። ሰራተኛዋ ክፉ ሆና አይደለም። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ጭኖ አሜሪካ የሚያደርስ አየር መንገድ ይቀጣል፤ ስለዚህ ሰነድ ደጋግመው ያያሉ። የየአገሩን የመግቢያ ሕግ የሚያዩበት ታይማቲክ የሚባል ሲስተም አላቸው፤ ቪዛሽን ሲያስገቡ መልሱን ያገኙታል። ካልተግባባችሁ ሱፐርቫይዘር እንዲጠራልሽ በትሕትና ጠይቂ።

ኦንላይን ቼክ ኢን ሲያደርጉ «ካውንተር ይቅረቡ» የሚል መልእክት ከመጣ ያ ደግሞ የተለመደ ነው። የቪዛ ገጹን ሰው በዓይኑ ማየት አለበት። መረጃው ከተላከ በኋላ ከአሜሪካ በኩል «ይሳፈር» የሚል መልስ እስኪመጣ ቦርዲንግ ፓሱ አይታተምም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይመጣል። ቦርዲንግ ፓስሽ ላይ አራት «ኤስ» ፊደሎች ተደርድረው ብታዪ ተጨማሪ ፍተሻ አለሽ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሻንጣሽን ከፍተው ያያሉ፣ ያልፋሉ። ለዚህም፣ ለልጅሽም ስትይ ቦሌ ቀደም ብለሽ ድረሺ።

በአውሮፓ በኩል ለምትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያውያን በሼንገን አገሮች ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነን። ነገር ግን ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ይህ የሚሠራው ከኤርፖርቱ የትራንዚት ክልል ሳትወጡ ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ ሁለት የተለያየ ትኬት ከገዛችሁና ሻንጣ አውጥታችሁ እንደገና ማስገባት ካለባችሁ ወደ አገሩ መግባት ስለሚሆን ነፃነቱ አይሠራም። አንድ ትኬት፣ አንድ የመያዣ ቁጥር ይሁን።

ዋሽንግተን ደለስ ስትደርሱ የመጨረሻ መድረሻችሁ ዴንቨር ቢሆንም የምትገቡት እዚያ ነው። አሻራ ይወሰዳል፤ ለኢሚግራንት ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ወስደው ያስቀምጣሉ፣ ጥበቃ አለው። ከዚያ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ተቀብላችሁ፣ ጉምሩኩን አልፋችሁ፣ ለዴንቨሩ በረራ መልሳችሁ ታስረክባላችሁ። በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለው ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ በእኔ ግምት ለልጅ ያዥ እናት ያንሳል፤ ትኬቱ የሚቀየር ከሆነ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ አድርጊው። ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ከሰጠሽ አትክፈቺው፤ እሱንም፣ የኤክስሬይ ሲዲ ካለም፣ በእጅ ቦርሳ ያዢ። የሚላክ ሻንጣ ውስጥ ከገባ መኮንኑ ሲጠይቅሽ አታገኚውም።

የግሪን ካርዱ አድራሻ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ለአየር መንገዱ የሞላሽው አድራሻ ግሪን ካርድ አይልክልሽም። ካርዱ የሚላከው በቪዛ ሂደቱ ወቅት በሰጣችሁት አድራሻ ነው፤ ማለትም ባለቤትሽ በለቀቀው ቤት። ስለዚህ መኮንኑ ፊት ስትቀርቢ «አድራሻችን ተቀይሯል» ብለሽ አዲሱን በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ያንቺም የልጅሽም እንዲቀየር ጠይቂ። በቃል አትንገሪው፤ ደክሞሽ ቁጥር ልታዛቢ ትችያለሽ። መኮንኑ ፓስፖርትሽ ላይ ማህተም ሲያደርግ የቪዛው ስቲከር ራሱ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት የግሪን ካርድ ማስረጃ ሆኖ ያገለግልሻል። ስቲከሩ ላይም ይኸው ተጽፏል። ካርዱ ቢዘገይ ሥራ ለመጀመርም ሆነ ለመጓዝ በእጅሽ ያለው እሱ ነው።

ያ ካርድ እንዲታተም የኢሚግራንት ክፍያ የሚባለው መከፈል አለበት። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በአንድ ሰው 235 ዶላር ነው፤ ያንቺና የልጅሽ ለየብቻ። የሚከፈለው በኢሚግሬሽን አገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ባለቤትሽ ከዚያ ሆኖ በካርዱ ሊከፍልላችሁ ይችላል። በ«ኤ» የሚጀምረው የምዝገባ ቁጥርና የኬዝ ቁጥሩ የሚፈለጉት እዚህ ነው። ሳትከፍሉ ብትበሩ ከመግባት አያግዳችሁም፤ ግን እስክትከፍሉ ካርዱ አይመጣም።

እነዚህን ቁጥሮች ለባለቤትሽ ስትልኪ ለእሱ ብቻ ላኪ። ቪዛ ሲወጣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ማመስገን እንደ ደንብ ተይዟል። ደስታው ይገባኛል፤ ግን ስቲከሩ ላይ ስምሽ፣ የልደት ቀንሽ፣ የፓስፖርት ቁጥርሽ፣ ሁሉም ቁጥር አለ። በዚያ መረጃ በስምሽ ሊከፍቱብሽና ሊያመለክቱብሽ የሚችሉት ነገር ብዙ ነው። ለጥፈሽ ከሆነ ዛሬ አንሺው።

ባለቤትሽ ደግሞ ከአሁኑ አንድ ሥራ ይሥራ፦ የአዲሱ ቤት የፖስታ ሳጥን ላይ ያንቺንና የልጁን ሙሉ ስም ይለጥፍ። የአሜሪካ ፖስታ አዳዩ ሳጥኑ ላይ የሌለ ስም ሲያይ ደብዳቤውን ሊመልሰው ይችላል። የልጃችሁ ስም ከእሱ ጋር ቢገጥምም ያንቺ አይገጥምም፤ እሱ ያገባሽ መሆኑን ፖስተኛው በምን ያውቃል? አፓርታማ ከሆነ ቢሮውም ስማችሁን ይመዝግብ። ቤቱን ከገባችሁ በኋላ እንደገና ብትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እሱም ኦንላይን ይሠራል።

ቅጹን ዛሬ ማታ ሞልተሽ ጨርሺው። ከዚያ በኋላ የሚቀየር ነገር ካለ እስከ ቼክ ኢን ድረስ ገብተሽ ማስተካከል ትችያለሽ። አድራሻውን ግን በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፓስፖርትሽ ውስጥ ክተቺው። ቦሌ ካውንተር ላይ አንዴ፣ ደለስ መኮንኑ ፊት አንዴ ያስፈልግሻል፤ ስልክሽ ባትሪ ቢጨርስም ይሠራል።